በቁም ሣጥን ውስጥ አራት ተክሎች

የምንከባከባቸው ሲኞራ የሟች ባላቸውን ቁም ሣጥን ባዶ እንዳደርግላቸው የጠየቁኝ መስከረም መጀመሪያ ላይ፣ ቁርስ እየበላን ሳለ ነው። እግዜር ይመስገን፣ በመጨረሻ ሐዘኑ ወጣላቸው ብዬ ደስ አለኝ። ሰውየው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት አልፏል፤ ካፖርቶቻቸው ግን እስከዚያ ጠዋት ድረስ በመስቀያቸው ተሰልፈው ባለቤታቸውን ይጠብቁ ነበር። ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ልቅደም ብዬ ፌስታል ፍለጋ ተነሣሁ።

«ካፖርቶቹን ለቸገረው እንሰጣለን» አሉኝ ከኋላዬ። «ቁም ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ ካናቢስ እንተክላለን።»

ፌስታሉን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ጂኦሜትሪ ያስተማሩ፣ አንድም መኪና በማያልፍበት መንገድ ላይ ቀይ መብራት በራ ብለው ቆመው የሚጠብቁ ሴት ናቸው። ልጅ ሆነው እንኳ ከትምህርት ቤት የፎረፉ አይመስለኝም።

እኔ ባዳንቴያቸው ነኝ። ሮም ያለን ሴቶች አብዛኞቻችን በዚህ ሥራ ነው የምንኖረው፤ አረጋዊ ቤት አብሮ እያደሩ መንከባከብ ነው። ከፒያሳ ቪቶሪዮ ብዙም በማይርቅ አንድ አሮጌ ፎቅ ቤት፣ አራተኛው ላይ፣ አሳንሰሩ በፈለገው ቀን ብቻ በሚሠራበት ሕንፃ ውስጥ ስድስት ዓመት አብሬአቸው ኖሬአለሁ። ዕድሜዬ ስድሳን ሊመታ ነው። ምግቡን እሠራለሁ፣ አጥባቸዋለሁ፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ፋርማቺያው፣ እመላለሳለሁ፣ ማታ ደግሞ ካርታ ስንጫወት ሆን ብዬ እሸነፍላቸዋለሁ። እሳቸው ይህን የመጨረሻውን አያውቁም።

ካናቢሱ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ ነገር አልነበረም። ሲኞራዋ ጣቶቻቸው ላይ ክፉ ቁርጥማት አለባቸው። የሕመም ሐኪማቸው ከዚሁ ተክል የሚሠራ ጠብታ አዝዞላቸው፣ ማታ ማታ ከምላሳቸው ሥር አድርጌላቸው፣ ለአንድ ዓመት ያህል እጃቸው ደህና ሆኖ ነበር። እንዲያውም ደብዳቤ መጻፍ ጀምረው ነበር። ከዚያ ጠብታው ጠፋ። ፋርማቺያው በሄድኩ ቁጥር «የሚቀጥለው ሳምንት» ይለኛል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ በፍጹም አይደርስም። ጣቶቻቸው ተመልሰው ወደ ውስጥ ታጠፉ።

ይህ ሁሉ ቢሆን እንኳ እንችለው ነበር፤ ልጃቸው ባይመጣ። አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ ሚላኖ ይኖራል፤ በየእሑዱ ስልክ ይደውላል፤ ክፉ ሰው አይደለም። ነሐሴ ላይ ለዕረፍት መጥቶ ሳለ ሲኞራዋ ቡና ማፍያዋን ከምድጃው ሊያነሡ ብለው ከእጃቸው አመለጠቻቸውና የፈላው ቡና እግራቸው ላይ ፈሰሰ። ልጃቸው ያን ዕለት ማታ ከሚላኖ ወጣ ብሎ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ፎቶ ያለበት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። «ግቢው አረንጓዴ ነው፣ ክፍሉ ሰፊ ነው፣ እኔም ቅርብ ነኝ» አለ። «እስከ ገና እንይ። እጅሽ ካልተሻለሽ ግን ማማ፣ እዚህ መቀመጡ ይበቃል።»

እንግዲህ ነገሩ ይኼው ነበር። እጃቸው እስከ ገና ካልተሻላቸው ሲኞራዋ ሃምሳ ዓመት ከኖሩበት ቤት ሊወጡ ነው። እሳቸው ከወጡ እኔም እወጣለሁ፤ ሬዚዴንሳዬም፣ የነዋሪነት ምዝገባዬ፣ በዚያው ቤት አድራሻ ነው። ስለ ራሴ አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። ግን ሲኞራዋ በዚያ አረንጓዴ ግቢ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲታዩኝ፣ የሚያርሙት ሰው አጥተው ዝም ብለው ሲቀመጡ ሲታየኝ፣ ያ ይብስብኝ ነበር።

ከዚያ የቁርስ ወሬ በማግሥቱ ወደ ቲቡርቲና በኩል ወደሚገኝ አንድ ሱቅ ሄድን። በሩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሏል፤ ውስጡ የራስ ቅል ያለበት ቆብና ካናቴራ ተሰቅሏል። ባለ ሱቁ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ነው፤ ሲኞራዋን ከከዘራቸው ጋር፣ እኔን ከገበያ ጋሪዬ ጋር ሲያየን መንገድ የጠፋን መስሎት «ፋርማቺያው ማዶ ነው» አለን።

«ከፋርማቺያው ነው የመጣነው» አሉት ሲኞራዋ፤ ደብተራቸውን አወጡ። «ቁም ሣጥኑ ከፍታው ሁለት ሜትር ከአምስት፣ ጥልቀቱ ስድሳ ሁለት ሳንቲሜትር ነው። እኛ ጀማሪዎች ነን። እንደ ጀማሪ አስረዳን።»

ሰውየው ወንበር አመጣላቸውና አስረዳቸው። ብዙ ዕቃ አያስፈልግም አለ፤ ግድግዳውን የሚያለብስ የሚያብለጨልጭ ላስቲክ፣ አንድ መብራት፣ አየር የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ቬንቲላቶር፣ ሽታውን የሚያጠራ ማጣሪያ፣ የጨርቅ ማሰሮዎች፣ መብራቱን በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ። መጀመሪያ ረጅም ቀን ትሰጡታላችሁ፣ ኋላ ቀኑንና ሌሊቱን እኩል ስታደርጉለት ክረምት የመጣ መስሎት ያብባል አለ። ሲኞራዋ ይህን ሲሰሙ እንደ ልጅ ሳቁ። ተክል በመብራት ማታለል ጂኦሜትሪ ሆነባቸው።

ዘሩ ላይ ሲደርሱ ሁለት ዓይነት አለ አላቸው፤ አንዱ ሁሉም ሴት ሆኖ የሚበቅል፣ ሌላው እንደ ዕድሉ ወንድም ሴትም የሚወጣ። ሲኞራዋ ተፈጥሮ እንዳደረገችው ይሁን አሉ። ሰውየው ያኔ ስለ ወንዱ ረጅም ነገር ተናገረ፤ ሲኞራዋም በሁለት ቃል ደብተራቸው ላይ ጫር አደረጉት። እኔ በዚያ ሰዓት የራስ ቅሉን ቆብ የሚገዛው ምን ዓይነት ሰው ይሆን እያልኩ ነበር። ያን ጊዜ ጆሮዬን ብሰጥ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ዕቃውን ጋሪዬ ውስጥ ከትቼ፣ ከላይ ጎመንና ሰላጣ አልብሼ በትራም ወደ ቤት አመጣሁት። ሲኞራዋ «ምን ያስደብቅሻል? መብራትና አፈር ነው» አሉኝ። ለእሳቸው መናገር ቀላል ነው። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ያን ክረምት ነው የሚታደሰው።

ይህን ሳነሣባቸው ዝም አላሉኝም። ድሮ ያስተማሩት አንድ ጠበቃ፣ አቮካቶ፣ ነበርና ደውለው ጠየቁት። ጥቂት ተክል ለራስ ብቻ ከሆነ፣ ለማንም ካልተሰጠና ካልተሸጠ ዳኞች እንደ ወንጀል አያዩትም፤ ግን ሕጉ ባርኮታል ማለትም አይደለም፣ ቅጣት ሊኖረው ይችላል አላቸው። ሲኞራዋ ስልኩን እንደዘጉ ወረቀት አምጪ አሉኝና በታጠፉ ጣቶቻቸው ግማሽ ሰዓት ለፍተው ሦስት መስመር ጻፉ፤ «ተክሎቹ የኔ ናቸው፣ ሐሳቡም የኔ ነው፣ እሷ ያደረገችው እኔ ባዘዝኳት መሠረት ውኃ ማጠጣት ብቻ ነው።» ፈርመው ሰጡኝ። ከእጃቸው ይልቅ ጽሕፈታቸው አሳዘነኝ፤ ሰሌዳ ላይ ያስተማሩበት የሚያምር ጽሕፈት እንደዚያ ተጣምሞ ሳየው አንጀቴን በላኝና ፍርሃቴን ተውኩት።

የተክሎቹን ቤት ስንሠራ በጣም ነው የሳቅነው። ቁም ሣጥኑን ከጀርባው መብሳት ነበረብኝ፤ አየር መውጫ ያስፈልገዋል። ሲኞራዋ ማስመሪያ ይዘው ወንበር ላይ ተቀምጠው «ወደ ግራ ግማሽ ሚሊሜትር» እያሉ፣ እኔ መብሻውን ይዤ ተንበርክኬ እያላበኝ፣ ቀኑን ሙሉ ስንከራከር ዋልን። ግማሽ ሚሊሜትር ለካናቢስ ምን እንደሚያደርግለት እግዜር ይወቅ። ማታ መብራቱን ስናበራው ያ ጨለማ ኮሪደር ቦግ አለ። አራቱን ዘር በአራቱ ማሰሮ ቀበርኳቸውና አማተብኩ። ሲኞራዋ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ለሠርግና ለቀብር ነው፤ ግን «ማማተቡን ለአራቱም አድርጊላቸው» አሉኝ።

ስለ ተክል እንኳ እኔ የማንንም ምክር አልሰማም ነበር። አዲስ አበባ የእናቴ ግቢ ውስጥ ጤና አዳሙም፣ በሶብላውም፣ ኮሰረቱም በኔ እጅ ነው ያደገው። የኔ እጅ የነካው ይበቅላል ብዬ አፌን ሞልቼ ነበር የምናገረው። ሲኞራዋ ደግሞ በደብተራቸው ያምናሉ። እኔ ቅጠሉን አይቼ ጠማው እላለሁ፣ እሳቸው ገጽ ገልጠው ገና ነው ይላሉ። በሁለተኛው ሳምንት ተደብቄ ውኃ ጨምሬባቸው ሁሉም ቅጠላቸውን ጣሉ፤ ሲኞራዋ ደብተሩን ከፍተው ዓይኔ ሥር አደረጉልኝ። ከዚያ ወዲያ በመጠኑ ብቻ አጠጣሁ። እልኬን ለመወጣት ግን ማዕዘኑ ላይ ትንሽ በሶብላ ተከልኩ። ሲኞራዋ ሲያሸቱት ወደዱትና አምስተኛ ተማሪ አድርገው መዘገቡት።

ጥቅምት ሲጋመስ ተክሎቹ ወገባችን ደረሱ። ሲኞራዋ ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ ከቡናው በፊት ወደ ኮሪደሩ ነው የሚሄዱት። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ይለወጣል። ልጃቸው እሑድ ሲደውል እጅሽስ ሲላቸው ስለ ብርሃን ማዕዘን ያወሩለት ነበር፤ እሱ ምን እንደሆነ ባያውቅም «ደህና ነሽ ማለት ነው» ይላቸዋል። እኔም በልቤ ደህና ሆንን አልኩ። መብራቱን ለማሳጠር ጊዜው ደረሰ፤ ቀኑን ከሌሊቱ እኩል አደረግንባቸው።

ያን ጊዜ ነው ጉዱ የጀመረው። የሲኞራዋ ዓይን ደቃቅ ነገር አይለይም። ስለዚህ አንድ ጠዋት ጠሩኝና፣ «ከእንግዲህ በየቀኑ የቅጠሉን ጉያ እዪልኝ። ትንንሽ ፍሬ መሳይ ነገር የሚያንጠለጥል ካለ ወንድ ነው፤ ሳይከፈት ነቅለሽ ጣዪው» አሉኝ።

አየሁ። ከአራቱ አንዱ፣ ረጅሙ፣ ወዙ የሚያምረው፣ ከሁሉ በፊት የበቀለው፣ እሱ ነው ያንጠለጠለው። ዘለላ ዘለላ የሆኑ ጥቃቅን ጉብታዎች። በኔ ዓይን ደግሞ ይህ ከሁሉ ቀድሞ ያፈራ ማለት ነው። እኛ ቤት ጤና አዳም የሚበረታው ፍሬ ሲይዝ ነው፤ ቅጠሉን ማንም ይቀጥፋል፣ ፍሬው ነው የሚከበረው። በሶብላም የሚደርቀው ከነአበባው ከነዘሩ ነው። ታዲያ ፍሬ የያዘውን ነቅሎ ባዶዎቹን ማስቀረት ምን ዓይነት ግብርና ነው? ፈረንጅ ደብተር ላይ ሲጽፍ ይሳሳታል አልኩ። ደግሞም እጄን ግንዱ ላይ አድርጌ ልስበው ስል አልቻልኩም። እኔ አብቅዬው፣ ለምለም ሆኖ ቆሞ ሳለ፣ ምን አድርጎኝ ነው የምነቅለው?

ማሰሮውን አንሥቼ ወደ ክፍሌ ወሰድኩትና መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት። ሲኞራዋ «ጣልሽው?» ሲሉኝ «አዎ ጣልኩት» አልኳቸው። በስድስት ዓመት የመጀመሪያው ውሸቴ ነው፤ የካርታውን ካልቆጠርነው።

የሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እትዬ የምላቸው ወዳጄ መጡ። ከኔ ሃያ ዓመት ቀድመው ሮም የገቡ፣ የሦስት ቤት ልጆች አሳድገው ጡረታ የወጡ ትልቅ ሴት ናቸው። ክፍሌ ገብተው ጋቢያቸውን ሳያወርዱ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ።

«ምንድነው ይሄ የሚሸተኝ?»

«ጤና አዳም ነው እትዬ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት የሮም ልጆች ሱሪ አጥቤአለሁ። ይሄን ሽታ ከኪሳቸው አውቀዋለሁ። ሀሺሽ ነው።»

ከዚያ በኋላ ምን ልደብቅ? የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ተናድደው ይወጣሉ ብዬ ስጠብቅ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ተክሉ ጎንበስ አሉ።

«አሎራ፣ መድኃኒት ከሆነ መድኃኒት ነው። ፔርሜሶሽ ሳይታደስ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ መግባትሽ ግን ጤንነት አይደለም» አሉና ጉብታዎቹን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉ። «ይሄማ ፍሬ ይዟል! የተባረከ ነው። ምን ነክቷቸው ነው ጣዪ የሚሉሽ?»

«እኔስ ምን አልኩ እትዬ!»

«ቫ ቤኔ፣ ዝም ብለሽ አሳድጊው። ሲደርስ ለጉልበቴም ታስቢኛለሽ።»

ለማንም አይሰጥም ተብሏል ብዬ ሳስረዳቸው ትንሽ ተቀየሙ። የሆነ ሆኖ እሳቸው እንዲያ ካሉ እኔ ማን ነኝ ብዬ ልቤ አረፈ።

ጠዋት ጠዋት ስነሣ ነጠላዬን ለብሼ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እጸልያለሁ። ተክሉ መስኮቱ ሥር ነው። ጉብታዎቹ ተከፍተው ጥሩ አበባ አወጡ፤ ቢጫ ብናኝ ነገር ነጠላዬ ላይ ይቀራል፣ እኔም እያራገፍኩ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ምንድነው? የቁም ሣጥኑን በር ከፍቼ የቀሩትን ሦስቱን እንዴት አደራችሁ ማለት። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ እንዳደረግኩ፣ ያ ቬንቲላቶር ፊቴ ላይ እየነፈሰ። የገና ጾም ገብቶ ስለነበር ጸሎቱንም አብዝቼው ነበር።

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ሲኞራዋ ኮሪደሩ ውስጥ ጠሩኝ። ከሦስቱ የአንዷን አበባ በሁለት ጣታቸው ይዘው ቆመዋል። ዓይናቸው ባያይም ጣታቸው፣ እንደዚያ ታጥፎም ቢሆን፣ ያያል።

«ውስጡ ጠንካራ ነገር አለ» አሉኝ። «ዳብሺው።»

ዳበስኩት። ፍሬ ነው። ሌላውንም ዳበስኩ፤ ሁሉም ፍሬ ይዟል። እኔ ጅሏ ደስ አለኝና «ፍሬ ያዙ! ሁሉም ፍሬ ያዙ እኮ!» አልኳቸው። ሲኞራዋ ግን አልሳቁም።

«ሴቶቹ የወንዱ ብናኝ ደርሷቸው ፍሬ ከያዙ ኃይላቸው ወደ ፍሬው ነው የሚሄደው። መድኃኒቱ ይሞታል። ለዚህ ነው ወንዱ የሚነቀለው» አሉ ቀስ ብለው። «ነቅለሽ ጥለሽው ነበር አይደል?»

ለመዋሸት አፌን ከፍቼ ነበር፤ እውነቱ ወጣ። ክፍሌ ወስጄ መስኮቱን አሳየኋቸው። ተክሉን አዩት፣ ወንበር ላይ የተሰቀለውን ቢጫ የነካው ነጠላዬን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ለምን?»

«መንቀል አልቻልኩም» አልኳቸው።

አንዷን አበባ ቆርጬ ወደ ሱቁ ወሰድኩ፤ ምናልባት ይተርፋል ብዬ። ጢማሙ ሰውዬ በጥፍሩ ሰንጥቆ አየና አንገቱን ነቀነቀ። ሻይ ይሆናችኋል፣ ለዚያ እጅ ግን አይሆንም አለኝ። እንደ አዲስ እንዳንተክል ደግሞ የገና በዓል ደርሶ ነበር። ትራም ውስጥ ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

ሲኞራዋ አልጮሁብኝም፤ ቢጮሁ እመርጥ ነበር። አነጋግራቸዋለሁ፣ አይመልሱልኝም። ምግቡን ይበላሉ፣ «ግራትሲዬ» ይላሉ፣ ያበቃል። ካርታውንም ተዉት። አሥር ቀን እንደዚያ ኖርን። ማታ እጃቸውን ሞቅ ባለ ውኃ ስነክርላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

ልጃቸው ለፈረንጅ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው ከሚላኖ መጣ። ገና ከበሩ ሽታው ተቀበለው። ኮሪደሩን ተከትሎ ሄዶ የአባቱን ቁም ሣጥን ከፈተና ከነመብራቱ ከነተክሉ አየው። መጀመሪያ ሳቀ፤ እናቱ ይህን አደረገች ብሎ ማመን አቃተው። ከዚያ እጃቸውን ሲጨብጥ ጣቶቻቸው እንዳልተዘረጉ አየና ሳቁ ቆመ።

«ታዲያ ይሄ ነገር ለእጅሽ ይሆናል ማማ?»

«ለዘንድሮ አይሆንም» አሉ ሲኞራዋ። «ፍሬ ያዘ። ስሕተቱ የኔ ነው። ወንዱ ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ለከርሞ ዘር ፈልጌ።»

በሩ ላይ ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር። ሲኞራዋ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። ከአሥር ቀን ዝምታ በኋላ ለኔ ብለው ዋሹ። ሳህኑን አስቀመጥኩት።

«የሲኞራዋ ስሕተት አይደለም» አልኩት ልጃቸውን። «ንቀዪው ብለውኝ ነበር። ነቀልኩት ብዬ ዋሽቼ ክፍሌ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።»

ልጃቸው ወደኔ ዞረ፤ ያልተቆጣ መሆኑ አስፈራኝ። ወደ እናቱ ተመለሰ። «አየሽ ማማ? አንቺ ማየት አትችይም፤ የምታይልሽ ደግሞ ትዋሽሻለች። እስከ ገና ብለን ነበር። ከጥር ጀምሮ ቦታ ይዤልሻለሁ።» ያንን አረንጓዴ ግቢ ያለበትን ወረቀት ከቦርሳው አወጣ፤ አሁን የሚፈረምበት ሌላ ወረቀት ተያይዞበታል።

ሲኞራዋ ከዘራቸውን ይዘው ቀና አሉ። ክፍል ውስጥ እንዴት ያስተምሩ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

«ውሸቷን አልወደድኩትም» አሉ። «አሥር ቀን አላነጋገርኳትም፤ ይገባታል። ግን ለምን እንደዋሸችኝ ታውቃለህ? ቆሞ ያለ ነገር መንቀል አቅቷት ነው። አንተ አትዋሸኝም። አንተ እውነቱን እየነገርከኝ ልትነቅለኝ መጣህ። አሁን ንገረኝ፣ ከሁለታችሁ ከማን ጋር ልኑር?»

እኔ ሳህኑን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋብኝ። ልጃቸው ሰገነቱ ላይ ወጣና ብዙ ቆየ፤ ጃኬቱን ሳይለብስ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ወረቀቱን ሳያስፈርም ቦርሳው ውስጥ መለሰውና የጠብታው ስም ምንድነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት አምጥቼ ሰጠሁት። እናቱ ዓመት ሙሉ እጃቸው ደህና የሆነው በእሱ እንደሆነ አልሰማም ነበር። ሲኞራዋ በስልክ ሕመማቸውን አውርተውለት አያውቁማ።

ሲኞራዋ ቤታቸው ቀሩ። ጠብታው የተገኘው የካቲት ላይ ነው፤ ልጃቸው ሚላኖ ውስጥ ፋርማቺያ ለፋርማቺያ ዞሮ፣ ተራ ጠብቆ፣ ራሱ በባቡር ይዞት መጣ። እስከዚያ ድረስ ክረምቱ በጣም በረደ፤ ሲኞራዋ ሌሊት እንዳይሰማብኝ ብለው ትራሳቸውን ነክሰው ያድሩ ነበር። ጠዋት አንሶላውን ሳነጥፍ የጥርሳቸውን ምልክት ትራሱ ላይ አገኘዋለሁ። ልጃቸው ቢጠይቃቸው «ብርዱ ነው» ይሉታል፤ ሐኪሙ ቢጠይቃቸው «ዕድሜ ነው» ይሉታል። በእሷ ጥፋት ነው ብለው ግን የኔን ስም አንድ ቀን እንኳ አላነሡም።